የቃል አቀባዩ ናሙና

አርባ ዓመት ሙሉ በንጉሥ ፊት ለተናገሩ ሰው፣ «ከዛሬ እስከ ነገ ሽንትዎን አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ በጠርሙስ ያጠራቅሙ» ብሎ የሚናገር ማን ነው? በየትኛውስ አንደበት? ኮናዱ ረቡዕ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሦስት ሊትር የሚይዘውን ነጭ የላቦራቶሪ ጠርሙስ እንደ ሕፃን ታቅፋ በግቢው መሐል ቆማ ይህንን ታስባለች። ግቢው በሱንያኒ ከተማ ካሉት ግቢዎች አይለይም። ዘጠኝ ክፍሎች ፊት ለፊት ተፋጠዋል፤ አንድ ቧንቧ፣ አንድ ባለቆርቆሮ በር መታጠቢያ ቤት፣ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አንድ ፍሪጅ አለ። አጎቷ፣ የንጉሡ ቃል አቀባይ ናና አምፖፎ፣ ከክፍላቸው ደጃፍ ዝቅ ባለች ዱካ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን ዘርግተዋል። ቁርጭምጭሚታቸው አብጧል፤ በአውራ ጣት ተጭነው ሲለቁት ጉድጓዱ እዚያው ይቀራል። ጠርሙሱን አይተውታል፤ እንዳላዩት ሆነው ግን የጎረቤትን ጣሪያ ይመለከታሉ።

ፍሪጁ የማሜ አጄይዋ ነው። ማሜ በውስጡ የምታቀዘቅዘው ሶቦሎ ነው፤ ከደረቀ ቀይ አበባና ከዝንጅብል የሚፈላውን መጠጥ በትንንሽ ጠርሙስ ሞልታ፣ አንዱን በአገሩ ገንዘብ በሦስት ሲዲ ለመንገደኛ ትሸጣለች። ኮናዱ ጉዳዩን ገና ተናግራ ሳትጨርስ የማሜ ድምፅ ግቢውን ሞላው።

«ከሶቦሎዬ ጎን? ሞቼ ነው! አንቺ ልጅ፣ አሥር ዓመት በብርድ አገር ያስተማሩሽ ሽንት ፍሪጅ ውስጥ ማኖር ነው?»

«ማሜ፣ ሙቀት ካገኘው ይበላሻል።»

«የእኔ ስም ደግሞ ሙቀት ሳያገኘው ይበላሻል። አንድ ሰው ተሳስቶ ቢጎነጭለትስ? ከዚህ እስከ ገበያው ድረስ ማን እንደምባል ታውቂያለሽ?»

እንዲህ ብትልም እምቢ አላለችም። ወደ ጓዳዋ ገብታ፣ ልጇ ድሮ አይስክሬም ስትሸጥበት የነበረውን ሰማያዊ የበረዶ ሣጥን እየጎተተች አወጣች። ክዳኑ ስለተሰነጠቀ በጎማ ይታሰራል። በረዶ የሆኑ የውሃ ከረጢቶች ደርድራ ሞላችለትና ከመታጠቢያ ቤቱ ጀርባ፣ ፀሐይ በማትደርስበት በማንጎው ጥላ ሥር አስቀመጠችው። «ሣጥኑን መልሽልኝ አልልሽም» አለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች፤ «ከዛሬ ወዲያ ማን ሊበላበት!»

የማጠራቀሙ ነገር ሁለተኛቸው ነው። ባለፈው ወር ናና በሃያ አራት ሰዓት ያጠራቀሙት ሰባት መቶ ሚሊ ሊትር ብቻ ነበር። በየወሩ የመጀመሪያ ሐሙስ ከኩማሲ ከተማ የሚመጣው የኩላሊት ሐኪም ወረቀቱን አይቶ መነጽሩን አወለቀና፣ «ወይ በደንብ አልተጠራቀመም፣ ወይ ኩላሊቶቹ ሥራ ለቀዋል። ድገሙት። ይኸው ቁጥር ከመጣ ግን ኩማሲ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ደም የሚያጥበው ማሽን ላይ» አለ። በሳምንት ሦስት ቀን ኩማሲ ማለት ኩማሲ መኖር ማለት ነው። ኩማሲ መኖር ማለት ደግሞ ጫፉ በወርቅ የተለበጠውን የቃል አቀባይነት በትር ለሌላ ሰው ማስረከብ ነው። ናና ያን ቀን ከሆስፒታል ሲመለሱ በትሩን ከጥግ አንሥተው በዘይት ጨርቅ ወለወሉት፤ መልሰው አቆሙት።

ሐኪሙ ነገ ይመጣል። ስለዚህ ኮናዱ ምንም ቢሆን ዛሬ መናገር አለባት። ዞር አለችና፣ አጎቷ ሁለት እርምጃ እንኳ ሳይርቁ፣ ንግግሯን ለማሜ አደረገችው፤ ለትልቅ ሰው እንዲህ ያለው ነገር በሌላ አፍ ነው የሚነገር።

«ማሜ፣ ለናና ንገሪልኝ። ሆስፒታሉ እንዲህ ይላል፤ አሁን የሚወጣውን የመጀመሪያውን ያፍስሱት። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁሉ እስከ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት በጠርሙሱ ያጠራቅሙ።»

ማሜ ጉሮሮዋን ጠረገች። እንዲህ ያለ ዕድል በየቀኑ አይገኝም። «ናና፣ ሆስፒታሉ በጉልበቱ ተንበርክኮ እጅ ይነሳዎታል። በሰውነትዎ ውስጥ ያለችውን ምንጭ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሊያያት ይለምናል። የመጀመሪያዋን ያፍስሷት፤ የቀረችውን ግን፣ እባክዎን ይላል፣ ለእሱ ያኑሩለት።»

ናና ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ያዙት። «ማሜ፣ ለሆስፒታሉ ንገሪልኝ፤ ጆሮዬ ሰምቷል። ባለፈው ወርም ሰምቶ ነበር። ሥርዓት አዋቂ ሆስፒታል ነው፤ የመጀመሪያው እንደሚፈስ ያውቃል።»

ሦስቱም ሳቁ። የጠርሙሱ አፍ ጠባብ ስለሆነ ኮናዱ አረንጓዴ የፕላስቲክ ጆግ አመጣች፤ በእሱ ተቀብለው ወደ ጠርሙሱ እንዲገለብጡት ነው። ናና ጆጉን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ቀስ እያሉ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ሄደው የመጀመሪያውን ደፍተው ተመለሱ። ኮናዱ ጠርሙሱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት «12፡10» ብላ ጻፈች።

ጨው የሌለው የማሽላ ገንፎ ከተበላ በኋላ፣ ኮናዱ መቀመጥ አቃታት። በዚያ በብርድ አገር የተማረችው የውሃ ምርመራ ነበር፤ ከተመለሰች ስምንት ወር ሆኗታል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የምታምነው ነገር የለም። የጠርሙሱን መስመሮች አታምንም። የላቦራቶሪውን ሚዛን አታምንም። የሐኪሙን የእጅ ጽሑፍ፣ የማሜን በረዶ፣ የራሷን ሰዓት ሳይቀር ትጠራጠራለች። ያላመነችውን ሁሉ ሄዳ በዓይኗ ካላየች አይሆንላትም። ናና ይህን ጠባይዋን ያውቁታል። እሷና አጎቷ ብዙ የማይባባሉት ነገር አለ። እናቷ፣ የናና ታናሽ እህት፣ ስትሞት ኮናዱ ለቀብር አልመጣችም። ናና አንድ ቀን እንኳ ለምን አላሏትም፤ እሷም አንድ ቀን እንኳ አላነሣችውም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ «ዎፋ፣ ሆስፒታል ደርሼ ልምጣ» አለች። የእናቱን ወንድም ሰው እንዲህ ነው የሚጠራው።

«ሂጂ» አሏት፤ «እኔ እንደሆንሁ ከዚህች ጆግ አልርቅም።»

በላቦራቶሪው መስኮት ሰልፍ ነበር። ናሙና ተቀባዩ ኢሳካ የሚባል ረጅም ቀጭን ወጣት ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ አይቸኩልም። ከኮናዱ ፊት የቆመችው ሴት የልጇን ሰገራ በሰርዲን ጣሳ ይዛ መጥታለች፤ ዘይቱ እንኳ አልታጠበም። ኢሳካ ጣሳውን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ «እናቴ፣ ይኼ ሲመረመር ልጁ የዓሣ በሽታ አለበት ብዬ ነው የምጽፍልሽ» አለና አዲስ ባለክዳን ዕቃ ሰጣት። ቀጥሎ የመጣው ሽማግሌ የአክታ ዕቃውን በምራቅ ሞልቶታል። «አባባ፣ ይኼ ከአፍ ነው። እኔ የምፈልገው ከደረት ነው። ነገ ጠዋት፣ ምንም ሳይበሉ፣ አፍዎን በውሃ ተጉመጥሙጠው፣ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ይተንፍሱና ከሥር ያምጡት። ደጅ ወጥተው፣ ነፋስ ባለበት።» ሽማግሌው፣ «ከሥር ካመጣሁትማ ሳንባዬም አብሮ ይመጣል» አለ፤ ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። ሌላዋ ደግሞ ሽንቷን በሽቶ ጠርሙስ ይዛለች። ኢሳካ አሸተተና፣ «እህቴ፣ ይኼን ለባልሽ ስጪው» አላት።

የኮናዱ ተራ ሲደርስ ጥያቄዎቿን አንድ በአንድ አወረደችበት። ሚዛኑ መቼ ተፈተሸ? ናሙናው ከመጣ በኋላ ምን ያህል ይቆያል? ባለፈው ወር ከሌላ ሰው ጠርሙስ ጋር ተቀያይሮ ቢሆንስ? ኢሳካ ሁሉንም ሳይቆጣ መለሰ፤ ያለፈውን ወር መዝገብ ሳይቀር አውጥቶ አሳያት። ጥፋት የለም። በመጨረሻ እሱ ጠየቃት።

«ጠርሙሱ አፈ ጠባብ ነው። እንዴት ነው የሚያስገቡት?»

«በጆግ ተቀብለው ይገለብጡታል።»

«ሲገለብጡ አይተሻቸዋል?»

«አጎቴ ሲሸኑ እንዴት ነው የማየው?»

«ሲሸኑ አላልኩም» አለ ኢሳካ። «ሲገለብጡ።»

ኮናዱ ወደ ቤት የተመለሰችው በእግሯ ነው፤ ከታክሲ ይልቅ በእግር ሲኬድ መጠራጠር ይመቻል። የረቡዕ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ያም በሚሉት ሥራ ሥርና በጎመን ተሞልቷል። የግቢውን በር ከፍታ ስትገባ ናና ከመታጠቢያ ቤት እየወጡ ነበር፤ ጆጉ በቀኝ እጃቸው፣ ነጩ ጨርቅ በላዩ ላይ። ወደ ማንጎው ሄዱ። የሣጥኑን ጎማ ፈቱ፤ ጠርሙሱን አወጡ፤ ክዳኑን ከፈቱ። ከዚያ ቀና ብለው ቆሙ። የግራ እጃቸውን ጣቶች ከቀኝ ክንዳቸው ክርን ላይ አሳርፈው፣ ጆጉን ዘንበል አደረጉና በማንጎው ሥር አፈሰሱ። ጥቂት አይደለም። ቀስ ብለው፣ በክብር፣ ማንም ስስታም ሊላቸው በማይችል ሁኔታ አፈሰሱ። የተረፈውን ወደ ጠርሙሱ ገለበጡት።

ኮናዱ በማሜ በኩል መናገር የሚባለውን ረሳች። «ዎፋ! ምን አደረጉ?»

ናና ጆጉን እንደያዙ ዞሩ። «ምን አደረግሁ?»

«አፈሰሱት እኮ!»

«የመጀመሪያውን ነዋ። ሆስፒታሉ ራሱ ያለው ነው።»

«የመጀመሪያው ማለት የጠዋቱ ብቻ ነው! ከዚያ ወዲያ የእያንዳንዱ መጀመሪያ አይደለም!»

ናና ጆጉን አዩ፤ እርጥቡን አፈር አዩ። ማሜ ከበሯ ብቅ አለች፤ በእጇ ግማሽ የተሞላ የሶቦሎ ጠርሙስ አለ።

«ናና» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «ለሞቱት አያቶች ነው የሰጡት? ሽንት?»

«አፍሽን ያዥ አንቺ!» ናና ያን ጊዜ እውነትም ተቆጡ። «አበድሁ እንዴ? የማንን ስም ስጠራ ሰማሽ? ለማንም አልሰጠሁም።» እጃቸውን አገላብጠው ተመለከቱት፤ የሰው እጅ የሚያዩ ይመስል። «እጄ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ዕቃ ከያዝሁና ዘንበል ካደረግሁት መጀመሪያ መሬት ትቀምሳለች። አርባ ዓመት በንጉሥ ፊት ለአያቶች መጠጥ ሲያፈስስ የኖረ እጅ ነው። እኔ አላዘዝሁትም። ሆስፒታሉ ደግሞ የመጀመሪያውን አፍስስ ሲለኝ፣ እኔ... ደስ አለኝ። የሚያውቁት ነገር አለ አልሁ።»

«እውነታቸውን ነው» አለች ማሜ። «ሶቦሎዬንም ከፍለውበት ሲያበቁ እሩቡን የሚጠጣው መሬት ነው። ይኼ ማንጎ በከንቱ መሰለሽ እንዲህ ያፈራው?»

ኮናዱ በሣጥኑ ክዳን ላይ ተቀመጠች። በልቧ ቁጥር እየደመረች ነበር። በቀን ስምንት ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ለመሬት፣ ግማሽ ለጠርሙስ። ሰባት መቶ የመጣው ከዚህ ነው። ሐኪሙ መነጽሩን ያወለቀው፣ አጎቷ በትሩን በዘይት የወለወሉት፣ እሷ አንድ ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣችው፣ ጠርሙስና ሚዛን ስትመረምር የከረመችው... ሁሉም በዚህ በተከበረ እጅ ምክንያት ነው። ሳቋ አመለጣት። አፏን ብትይዘውም አልቆም አለ። ናና ለጥቂት ጊዜ በቁጣ ተመለከቷት፤ ከዚያ እሳቸውም ሳቁ፤ ጆጉ በእጃቸው እስኪወዛወዝ ድረስ።

«ያዙት፣ ያዙት» አለች ማሜ፤ «ደግሞ ሊያፈሱት ነው!»

ሳቁ ሲያልፍ ግን የዛሬው ናሙናም መበላሸቱ ትዝ አላቸው። ሰዓቱ ለአምስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ኮናዱ ለኢሳካ ደወለች። ኢሳካ ታሪኩን ሰምቶ አልሳቀም፤ ወይም ስልኩን ከአፉ አርቆ ነው የሳቀው። «ሁሉንም ድፊው» አላት። «ጠርሙሱ ማቆያ መድኃኒት የለበትም፤ በንጹሕ ውሃ አለቅልቂና እንደገና ጀምሩ። አምስት ሰዓት ላይ ፊኛቸውን ባዶ ያድርጉ፤ ያ ይፈስሳል፤ እሱ ብቻ። ከዚያ እስከ ነገ አምስት ሰዓት ሁሉም ይጠራቀማል። ልክ በአምስት ሰዓት የመጨረሻውን ጨምራችሁ አምጡልኝ፤ ውጤቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ አወጣላችኋለሁ። ችግሩ ሐኪሙ ስድስት ሰዓት ላይ መኪናው ውስጥ ይገባል። እኔ ሐኪም ቁም ማለት አልችልም። ቁጥሩን ልስጥሽ፣ አንቺ ጠይቂው።»

በዚያው ቀን የተደረገው ትልቁ ነገር በስድስት ሲዲ ተገዛ። ማሜ ራሷ ገበያ ወርዳ፣ ዘይት ነጋዴዎች ዘይት ወደ ጠርሙስ የሚያወርዱበትን፣ አፉ ሰፊ እግሩ ቀጭን የሆነውን የፕላስቲክ ዕቃ፣ አዲሱን መርጣ አመጣች። ስምንት ነበር ያሉት፤ በስድስት ተስማማች። እሱ በጠርሙሱ አፍ ላይ ሲተከል ጆጉ አላስፈለገም። የሚያዘነብሉት ዕቃ ከሌለ እጅ ምን ሊያደርግ ይችላል? ናና ጠርሙሱን ይዘው ገብተው፣ ጨምረውበት አምጥተው፣ በራሳቸው እጅ በረዶው ውስጥ ይቀብሩታል። አንድ ጊዜ ሲወጡ፣ «እጄ ተናዷል» አሉ፤ «ሥራ ፈታ።»

ከሰዓት በኋላው ረጅምና ደግ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የጎረቤቱ ሬዲዮ ዝም ብሏል። ኮናዱ ጨው የሌለው የኦቾሎኒ መረቅ ሠራች፤ ናና፣ «ጨው ባይኖረውም በርበሬው ይዋሽለታል» ብለው ጠረጉት። ከዚያ በማንጎው ሥር ምንጣፍ ተዘረጋ። ውሃ ሲሰጣቸው፣ ብርጭቆውን ወደ አፋቸው ከማቅረባቸው በፊት ኮናዱ እጃቸውን ስትመለከት አዩዋት፤ እያዩዋት ሆን ብለው አንዲት ጠብታ አንጠባጠቡና ጠጡ። ይኼኛውን ማንም አይቆጥረውም። ጥላው ወደ ምሥራቅ ሲረዝም፣ ኮናዱ ለራሷም ሳታስበው ጠየቀች።

«ዎፋ፣ በእናቴ ቀብር ላይ ስለ እኔ ምን ብለው ተናገሩ?»

«ሰው ሁሉ ልጅቷስ አለ። መንገድ ላይ ናት አልሁ።»

«መንገድ ላይ አልነበርሁም። ፈተና ላይ ነበርሁ። ትኬትም ነበረኝ፤ አልተሳፈርሁም።»

«አውቃለሁ።» ምንጣፉ ላይ የወደቀውን የማንጎ ቅጠል አንሥተው ወረወሩት። «ቃል አቀባይ የተሰጠውን ቃል እንደወረደ አያደርስም፤ ሰሚው ሊሸከመው በሚችለው መጠን አድርጎ ነው የሚያደርስ። ደግሞም ያኔ ባይሆን እንኳ መጣሽ።»

ኮናዱ ቅጠሉን አንሥታ በጣቷ ላይ ጠቀለለችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጠርሙሱን ከበረዶው አውጥታ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ሰባት መቶ ሃምሳ። ባለፈው ወር በሃያ አራት ሰዓት ከተጠራቀመው ይበልጣል፤ ከጀመሩ ደግሞ ገና ስድስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ብዛቱ ብቻውን ምንም እንደማይል ታውቃለች፤ ሐኪሙ የሚያየው በውስጡ ያለውን ነው፤ እብጠቱም ከየት እንደመጣ ገና አልታወቀም። ይህን ሁሉ ታውቃለች። ቢሆንም መስመሩን ሁለት ጊዜ አየችው፤ ለመጠራጠር አይደለም፣ ስላማራት ነው። ቁጥሩን ጮክ ብላ ተናገረች። ማሜ ከበሯ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የግቢው ሰዎች ልጅ የተወለደ መስሏቸው ራሳቸውን በየመስኮቱ አወጡ።

የቀረው የሐኪሙ መልእክት ነበር። ሁለት ጊዜ ደውላለች፤ አላነሣም። ስልኳን አውጥታ መጻፍ ስትጀምር ናና እጃቸውን አነሡ።

«ምን ብለሽ ነው የጀመርሽው?»

«ዶክተር፣ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይጠብቁን።»

«እንዲህ ነው እንዴ ሰው የሚያስቆሙት? በመጀመሪያ ጤናውን ጠይቂ። ልጆቹን ጠይቂ። ከዚያ ጥፋቱን እኛ እንውሰደው፤ ባለፈው ወር እሱ ተሳስቷል እንዳይመስለው። ከዚያ በኋላ ነው ልመናው። አጭር ይሁን፤ ግን አይራቆት።»

ኮናዱ ሰረዘችና እንደገና ጻፈች፤ ናና እያንዳንዱን ቃል አስነብበው፣ አንዱን አስወጥተው፣ አንዱን አስገብተው፣ በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ላከችው።

«ዶክተር፣ እንደምን አመሹ? ልጆችዎ ደህና ናቸው? የናና አምፖፎ ቃል ነው። ያለፈው ወር ናሙና የጎደለው ከእኛ አያያዝ ነበር፤ ኩላሊቶቹን ገና አንፍረድባቸው። አዲሱን ነገ ልክ በአምስት ሰዓት እናደርሳለን፤ ውጤቱ በስድስት ይወጣል። መንገድዎ ረጅም እንደሆነ እናውቃለን። እባክዎ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ይጠብቁን።»

ሁለቱ ጭረቶች ወዲያው ሰማያዊ ሆኑ።

«ምን አለ?» አሉ ናና።

«አንብቦታል።»

«አነበበ?» ተነሡ፤ ልብሳቸውን በትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «እንግዲህ ሰምቷል። ቢጠብቅም ባይጠብቅም እኛ በአምስት ሰዓት እዚያ ነን። በይ አሁን ጠርሙሱን አቀብይኝ፤ ልቤ ሲረጋ ነው መሰለኝ፣ ውሃው ብሶበታል።»

ኮናዱ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። ስልኳን ምንጣፉ ላይ ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጋ አኖረችው፤ እስኪመሽ ድረስ አልበራም፤ እነሱ ግን የነገውን አምስት ሰዓት ይቆጥሩ ነበር።